ደጅ የሚተከል የሰፈር ብስክሌት መጠገኛ፦ ጎንደር ላይ በራሳችን ብየዳ ቤት እንዴት ይሠራ?

ፔዳል_ማራኪ

ጤና ይስጥልኝ። ማራኪ አካባቢ ደጅ የሚቆም የጋራ ብስክሌት መጠገኛ ልንሠራ ነው። ተገዝቶ የሚመጣ ሳይሆን እዚሁ የሚበየድ። አንድ የብረት ምሰሶ፣ ብስክሌቱ በኮርቻው የሚሰቀልባቸው ሁለት ክንዶች፣ በካቦ የታሰሩ መፍቻዎች፣ አንድ ፓምፕ። መንገደኛው ቆም ብሎ ፍሬኑን ያጠብቃል፣ ጎማውን ይነፋል፣ መንገዱን ይቀጥላል። ክረምቱ ስለወጣ አሁን መቆፈር ይቻላል፤ ከጥምቀት በፊት መጨረስ እንፈልጋለን። ያልቆረጥናቸው ነገሮች አሉ። ብረቱ ምን ዓይነት ይሁን? ክንዱ ስንት ሜትር ላይ ይዋል? እኛ 1.30 ብለን ነበር። መፍቻው እንዳይወሰድ በምን ይታሰር? ፓምፑስ ደጅ ውሎ ደጅ ሲያድር ይችላል? እባካችሁ በቁጥር ጻፉልን። "ጠንካራ ብረት" ብለን ብቻ ከሄድን ብየዳ ቤቱ እጁ ላይ ያለውን ይሰጠናል።

ኤሌክትሮድ

ምሰሶው 60 በ60 ሚ.ሜ ቱቦላሬ (ውስጡ ባዶ የሆነ አራት ማዕዘን ብረት) ይሁን፣ ውፍረቱ 3 ሚ.ሜ። ከውጭ ሲታይ 1.5ቱም 3ቱም አንድ ስለሚመስሉ የተቆረጠውን ጫፍ በካሊፐር ሳትለኩ እንዳትከፍሉ። ባለ 2 ኢንች ክብ ቧንቧም ጥንካሬው ይበቃል፤ ነገር ግን ክብ ነገር ላይ ቡሎን ማሰር ያስቸግራል፣ አራት ማዕዘኑ ደግሞ ጠፍጣፋ ፊት ይሰጣችኋል። ርዝመቱ 2.20 ሜትር፤ 70 ሳ.ሜ መሬት ውስጥ ይገባል፣ 1.50 ይቀራል። አንዱ ዘንግ 6 ሜትር ስለሆነ ሁለት ምሰሶ ወጥቶት ይተርፋል።

ሰው በብዛት የሚሳሳተው ክንዱ ላይ ነው። 16 ቁጥር ፌሮ ይበቃል ይባላል፤ ብስክሌቱን ብቻ ካሰቡት እውነት ነው፣ 20 ኪሎ ምንም አይደለም። ደጅ የቆመ ብረት ላይ ግን ልጅ ይንጠለጠላል፣ ጎረምሳ ይቀመጣል። 70 ኪሎ የሚመዝን ሰው 40 ሳ.ሜ በሚረዝም ክንድ ጫፍ ላይ ቢቀመጥ 16 ፌሮ ይታጠፋል፤ አንዴ ወደ ታች ካዘነበለ ደግሞ የሚሰቀለው ብስክሌት ሁሉ እየተንሸራተተ ይወርዳል። ባለ 1 ኢንች የውሃ ቧንቧ፣ ግድግዳው 3 ሚ.ሜ የሚሆነው፣ ያንን ጭነት ይችላል። ክንዶቹ 40 ሳ.ሜ ይርዘሙ፣ በመካከላቸው 6 ሳ.ሜ ክፍተት ይኑር፣ ጫፋቸው ከሥራቸው 3 ሳ.ሜ ከፍ ይበል። የኮርቻው ቱቦ ክፍተቱ ውስጥ ይገባል፤ የኮርቻው አፍንጫ አንዱ ክንድ ላይ፣ ሰፊው ኋላው ሌላው ክንድ ላይ ያርፋል።

ክንዱን በቀጥታ ምሰሶው ላይ አትበይዱት። 15 በ20 ሳ.ሜ የሆነ የ8 ሚ.ሜ ላሜራ ላይ ይበየድና ላሜራው በአራት 12 ቁጥር ቡሎን ምሰሶው ላይ ከተበየደው ተመሳሳይ ላሜራ ጋር ይታሰር። የዛሬ ሦስት ዓመት ክንዱ ቢጎዳ ጀነሬተር ተሸክሞ የሚመጣ አታገኙም፤ አራት ቡሎን ፈትቶ ብየዳ ቤት የሚወስድ ግን ከሰፈሩ አይጠፋም። ይህን ነገር ለሁሉም ክፍል አስቡት፤ የማይፈታ ነገር አይኑር።

ስንጥቅ የሚጀምረው ከክንዱ ሥር፣ በላይኛው በኩል፣ ብየዳው አልቆ ቧንቧው በሚጀምርባት መስመር ላይ ነው። መጀመሪያ ቀለሙ ላይ ፀጉር የምታህል መስመር ትታያለች፤ ዝናብ ሲመታት ከዚያች መስመር ቡናማ ውሃ ይወርዳል። ይህን ያየ ሰው ክንዱን በዚያው ቀን ያውርደው። መከላከያው ከክንዱ ሥር ከታች በኩል 8 ሳ.ሜ የሆነ ባለ ሦስት ማዕዘን ላሜራ ደግፎ መበየድ ነው። በ2.5 ኤሌክትሮድ፣ ዙሪያውን፣ ሳያቋርጡ።

አንድ ጥብቅ ነገር። የውሃ ቧንቧ ዚንክ የተለበጠ ነው። የሚበየደውን ጫፍ 5 ሳ.ሜ ያህል በግራይንደር ሞርዱት፣ ብየዳውም ደጅ ይሁን። የዚንክ ጭስ የሳበ ሰው ሌሊት እንደ ወባ ያንቀጠቅጠዋል። ወተት መጠጣት ይከላከላል የሚባለው አያድንም፤ የሚያድነው ዚንኩን ማንሳትና ንፋስ ባለበት መሥራት ነው።

ሲቪል_አዘዞ

መሠረቱን እኔ ልጨምር። ጉድጓዱ 40 በ40፣ ጥልቀቱ 70 ሳ.ሜ። ከታች 10 ሳ.ሜ ጠጠር ብቻ ይግባ፣ ምሰሶውም እስከ ጠጠሩ ድረስ ይውረድ፤ የታችኛው ጫፉ ክፍት ይሁን። ውስጡ የሚጠራቀመው እርጥበት በዚያ ይወጣል። ላዩ ደግሞ በ3 ሚ.ሜ ላሜራ ሙሉ በሙሉ ይደፈን። ላዩ ተከፍቶ ታቹ ከተደፈነ ምሰሶው የውሃ ማጠራቀሚያ ይሆንና ማንም ሳያየው ከውስጥ ይበላል።

ቀሪው 60 ሳ.ሜ ኮንክሪት ነው። አንድ፣ ሁለት፣ አራት ድልድል ይበቃል፦ በ50 በ40 በ20 ሳጥን አንድ ሳጥን አሸዋ፣ ሁለት ሳጥን 02 ጠጠር፣ 30 ኪሎ ሲሚንቶ፣ ማለትም ከአንዱ ከረጢት ከግማሽ ትንሽ አለፍ ያለ። ውሃው ከ16 ሊትር አይብለጥ። ለመደባለቅ እንዲቀል ተብሎ ሲቀጥን ሲደርቅ ይሰነጠቃል። ምሰሶው እንዳይሽከረከር ከመሬት በታች 40 ሳ.ሜ ላይ 30 ሳ.ሜ የሚረዝሙ ሁለት 12 ፌሮ በመስቀል በይዱበት። ከሞላችሁ በኋላ በውሃ ልክ አቁማችሁ በሁለት እንጨት ደግፉት።

የኮንክሪቱ አናት ከመሬቱ 3 ሳ.ሜ ከፍ ይበልና ከምሰሶው ወደ ውጭ ይንሸራተት። ብረት በብዛት የሚበላው ኮንክሪቱና ብረቱ በሚገናኙበት ቀለበት ላይ ነው፤ ውሃ እዚያ ከቆመ በጥቂት ክረምት ቢላ እንደነካው ይሆናል። ስለዚህ አንቲረስቱ (ዝገት መከላከያው ቀለም) ከኮንክሪቱ ውስጥ 10 ሳ.ሜ፣ ከላይም 20 ሳ.ሜ ድረስ ሁለት ጊዜ ይቀባ።

ሰባት ቀን ጆንያ አልብሳችሁ ጠዋትና ማታ ውሃ አጠጡት። አሁን ፀሐዩም ነፋሱም ደረቅ ስለሆነ ይህን መዝለል አይቻልም። ክንዱ ከ14 ቀን በኋላ ይታሰር።

ቦታው ጥቁር መረሬ አፈር ከሆነ ሒሳቡ ይለወጣል። ያ አፈር ክረምት ያብጣል፣ በጋ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ያወጣል፣ ምሰሶውንም ይዞ ይንቀሳቀሳል። እስከ 1 ሜትር ቆፍራችሁ የታችኛውን 30 ሳ.ሜ በተደለደለ ሰሌክት (የማያብጥ የተመረጠ አፈር) ሙሉ። በተቃራኒው 20 ሳ.ሜ ላይ ቋጥኝ ካገኛችሁ አትድከሙ፤ ቋጥኙን አራት ቦታ 20 ሳ.ሜ ብሱና 16 ፌሮ በሲሚንቶ ተክላችሁ ከኮንክሪቱ ጋር እሰሩት።

ጎሚስታ_ፒያሳ

1.30 ይበዛል። ክንዱ ከፍ ሲል ወገብ አያጎነብስም የሚለው ልክ ነው፤ ግን ማን እንደሚያነሣው አስቡ። እዚህ አገር በብዛት የሚሄደው ባለ 28 ጎማ ፊኒክስና እሱን የመሰለው ነው፣ 20 ኪሎ አካባቢ ይመዝናል፣ ኮርቻው ከሥሩ 95 ሳ.ሜ ገደማ ነው። 1.30 ላይ ለመስቀል 35 ሳ.ሜ ማንሣት፣ ያውም በደረት ልክ መያዝ ይጠይቃል። ትምህርት ቤት የምትሄድ ልጅ አትችለውም። ፔዳል ለማዞርና ጎማ ለማውጣት ጎማው ከመሬት 15 ሳ.ሜ ከራቀ በቂ ነው። 1.20 አድርጉት። በምሰሶው በሌላው ፊት ለልጆች ባለ 20 ጎማ 90 ሳ.ሜ ላይ አጠር ያለ ጥንድ ክንድ ጨምሩ፣ 30 ሳ.ሜ ይበቃዋል።

ክንዶቹን ጎማ አልብሷቸው። ያረጀ ከመነዳሪ (የውስጥ ጎማ) በቁመቱ ቀዳችሁ ጠምጥሙበት። ብስክሌት በኮርቻው ሲሰቀል የፊቱ ስለሚከብድ አፍንጫውን ይደፋል፣ መሪውም ይዞራል፤ ስለዚህ ከዚያው ከመነዳሪ 60 ሳ.ሜ የሆነ ማሰሪያ ተቆርጦ ምሰሶው ላይ ይንጠልጠል፣ የፊት ጎማውን ከታችኛው ቱቦ ጋር ለማሰር።

መፍቻ ላይ ምክሬ ይህ ነው። ባለ 8፣ 10፣ 13፣ 14፣ 15 እና 17 ቁጥር መፍቻ፤ አለን መፍቻ (ባለ ስድስት ማዕዘን ዘንግ) 4፣ 5፣ 6 እና 8፤ ጠፍጣፋና መስቀል ካቻቪቴ፤ ሁለት የጎማ ማውጫ። የሚስተካከለውን፣ አፉ የሚሰፋ የሚጠበውን መፍቻ አታስገቡ። አንድ መሣሪያ ለሁሉም ይሆናል ተብሎ ይገዛል፤ አፉ ስለሚላላ ግን የዳዶውን ጥግ ይበላዋል፣ ቀጥሎ የሚመጣው ሰው በትክክለኛው 15ም መፍታት አይችልም። የካቴና መፍቻም ይቅር፤ ፒኗ በማያውቅ እጅ በቀላሉ ትሰበራለች።

ጎንደር ዳገትና ቁልቁለት ስለሆነ በብዛት የሚፈለገው የፍሬን ነገር ነው፤ ስለዚህ 10 ቁጥርና አለን 5ን ሁለት ሁለት አድርጉ። የፍሬን ገመድ አጥብቆ ለማሰር አንዱ መፍቻ ከፊት ሌላው ከኋላ መያዝ አለበት፤ አንድ 10 ብቻ ካለ ቡሎኑ አብሮ ይዞራል፣ ገመዱም ይተረተራል።

ምሰሶው ላይ በቀለም የሚጻፍ አንድ ነገር ካለ ይህ ይጻፍ፦ "የግራ ፔዳል በተቃራኒው ይፈታል።" የግራው ጥርስ የተገላቢጦሽ ነው። ይህን ያላወቀ ሰው ለመፍታት እየመሰለው ያጠብቀዋል፣ በመጨረሻ በመዶሻ ይሄድበታል።

ፔዳል_ማራኪ

ጋሼ፣ 1.20ውን ተቀብለናል፤ ክንዱ በቡሎን ስለሆነ ሁለተኛ ቀዳዳ 1.28 ላይ እናስበሳለን። አሁን የቀረው ማሰሪያው ነው። ሰንሰለት ይሻላል ወይስ ካቦ? የብስክሌት ፍሬን ገመድ ይበቃል የሚልም አለ።

ኤሌክትሮድ

የፍሬን ገመድ በፒንሳ ይቆረጣል። ሰንሰለት ጠንካራ ነው፣ ግን ሲወዛወዝ የምሰሶውን ቀለም ይልጣል፣ የብስክሌቱንም ይጭራል። 4 ሚ.ሜ፣ ፕላስቲክ የለበሰ የብረት ካቦ ውሰዱ። ከምሰሶው 1.40 ላይ ተነሥቶ 1.10 ሜትር ይርዘም። መፍቻው ሲጨመር 1.28 ገደማ ስለሚሆን መሬት አይነካም፤ ጭቃ ውስጥ የሚውል መፍቻ በአንድ ክረምት ይዝጋል። በዚህ ርዝመት ለተሰቀለ ባለ 28 ብስክሌት የፊት ጎማ ዳዶ ልክ ይደርሳል፣ ከዚህ ካጠረ ግን አይደርስም። ግማሹን መፍቻ በግራ፣ ግማሹን በቀኝ አንጠልጥሉ።

ካቦው የሚበጠሰው መሐሉ ላይ አይደለም። ሰው መፍቻውን ባዞረ ቁጥር ካቦው አብሮ ይጠመዘዛል፤ ከመፍቻው ሁለት ጣት ያህል ከፍ ብሎ ይቋጠራል፣ ክሮቹ አንድ በአንድ እየተበጠሱ እንደ እሾህ ይወጣሉ፣ እጅ መውጋት ይጀምራሉ። መፍትሔው መፍቻው በራሱ ዘንግ እንዲሽከረከር ማድረግ ነው። ተሽከርካሪ ማያያዣ ካልተገኘ የ8 ቁጥር ቡሎን በሰፊ ቀለበት ውስጥ አሳልፋችሁ፣ ሮንዴላ ጨምራችሁ፣ ዳዶውን ሳታጠብቁ ጫፉን በመዶሻ ግጩት፤ አይወጣም፣ ግን ይዞራል።

በካቦው ጫፍ ሁለት ሁለት ክላምፕ እሰሩ። የክላምፑ ክብ ብረት በአጭሩ፣ በተቆረጠው ጫፍ በኩል ይሁን፤ ጠፍጣፋው ክፍል ጭነቱን በሚሸከመው በኩል። ተገልብጦ ከታሰረ ክቡ ብረት የሚሸከመውን ካቦ ይቀጠቅጠዋል። ለስላሳ የአሉሚኒየም ቀለበት በመዶሻ ቀጥቅጦ ማሰር አይያዝም፤ ያለ መጨበጫ ማሽኑ ይንሸራተታል።

መፍቻው ላይ ማያያዣ ስትበይዱ መጀመሪያ ኒኬሉን ሞርዱ፣ ጭሱ መርዝ ነው። አፉን እርጥብ ጨርቅ ጠምጥሙበት፣ ብየዳው ከአፉ ከ5 ሳ.ሜ በላይ ይራቅ፤ ሙቀቱ ከደረሰው ብረቱ ይላላል፣ በሳምንቱ አፉ ይከፈታል። እጀታው ላይ ዳዶ የተበየደበት መፍቻ ገበያ ላይ ወዲያው ስለሚታወቅ ገዢ አያገኝም። ሌባን ከካቦው በላይ የሚያስቀረው ይህ ነው።

ቀሃ_ዳር

ስለ ፓምፑ ማንም አልተናገረም። ቆንጆ ምሰሶ ቆሞ የሚነፋ ነገር ከሌለው ከአሥር መንገደኛ ስምንቱ ምን ይጠቀማል? ደግሞ የትኛውን ቫልቮላ ይነፋል? የአሮጌው ብስክሌትና የማውንቴን ብስክሌቱ አፍ አንድ አይደለም።

ጎሚስታ_ፒያሳ

ልክ ነሽ እህቴ፣ ቀድሞ የሚበላሸውም እሱ ነው።

ቫልቮላው ሦስት ዓይነት ነው። ማውንቴኑ እንደ መኪና ጎማ ያለ ወፍራም አፍ አለው። የእሽቅድምድሙ ቀጭን፣ ጫፉ ላይ ትንሽ ዳዶ ያላት። የፊኒክሱ ደግሞ ውስጡ ቀጭን የጎማ ቱቦ የለበሰ፣ በቀለበት ዳዶ የሚታሰር ነው። ሁለት ቀዳዳ ያለው የፓምፕ አፍ ግዙ፤ የቀጭኑ ቀዳዳ የፊኒክሱንም ይይዛል። የፊኒክሱ ቫልቮላ የጎማ ቱቦ ፀሐይ ሲመታው ይሰነጠቅና አየር አልይዝ ይላል፤ ሰው ከመነዳሪው የተበሳ እየመሰለው ይቀይራል። የዚያች ቱቦ 3 ሳ.ሜ ቁራጭ ነው ሁሉ ነገሩ።

ፓምፑ በእግር የሚረገጥ ሳይሆን ቆመው በሁለት እጅ የሚገፉት ረጅሙ ይሁን፣ በርሜሉ ብረት። ምሰሶው ጎን ላይ ፓምፑን የሚያስገባ ሰፊ ቧንቧ በቡሎን እሰሩና ፓምፑን እዚያ ውስጥ አስቀምጡት፤ ላዩ ላይ የላሜራ ክዳን፣ ታቹ ክፍት። ከፋብሪካ የመጣውን ቱቦ አውጡና 1 ሜትር ክር ያለው የኮምፕሬሰር ቱቦ በክላምፕ ተኩበት። ቱቦው ሲንጠለጠል አፉ ወደ ታች ይይ፤ ወደ ላይ ካየ አቧራ ይገባል፣ አቧራው ከዘይቱ ጋር ተቀላቅሎ በርሜሉን እንደ ብርጭቆ ወረቀት ይፍቀዋል።

ፒስተኑ ላይ ያለው ቆዳ ከሆነ ከኅዳር እስከ ግንቦት በየወሩ አምስት ስድስት ጠብታ የሞተር ዘይት ይፈልጋል፤ ሲደርቅ ይጨማደድና ገፍታችሁ ገፍታችሁ ምንም አይገባም። የጎማ ቀለበት ከሆነ ግን የሞተር ዘይት አታስነኩት፣ ሊያብጥ ይችላል፤ ሲሊኮን ግሪስ ነው የሚስማማው። ስትገዙ ቆዳውን ምረጡ። ከአሮጌ ጫማ ወፍራም ቆዳ ቆርጦ፣ ዘይት ውስጥ አሳድሮ መተካት ይቻላል።

ለማውንቴን ጎማ ከ35 እስከ 50 ፒኤስአይ ጥሩ ነው። የፊኒክሱን በፓምፑ የግፊት መለኪያ ሰዓት አትመኑ፤ የቫልቮላው ጎማ ራሱ ግፊት ስለሚወስድ ሰዓቱ ካለው በላይ ያነባል። በአውራ ጣት ተጭኖ ማየት ይሻላል።

ሲቪል_አዘዞ

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልጨምር። ጎንደር ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,100 ሜትር ስለሚበልጥ አየሩ ስስ ነው፤ አንድ ግፊት ባሕር ዳርቻ ላይ ከሚያስገባው ከአምስት አንድ እጅ ያህል ያነሰ ያስገባል። ስለዚህ ብዙ መግፋት አለበት። ፓምፑ ሳይበላሽ "ደክሟል" ብላችሁ እንዳትጥሉት።

ቀሃ_ዳር

ቦታውንስ የት አሰባችሁ? መብራት ያለበት፣ ሱቅ ወይም ጥበቃ የሚያየው ይሁን። ጨለማ ጥግ ላይ ከሆነ ማታ ከትምህርት የምትመለስ ልጅ ቆማ ጎማ አትነፋም። ከምሰሶው በሁሉም በኩል 1.5 ሜትር ባዶ ይኑር፤ የተሰቀለ ብስክሌት ብቻውን 1.80 ይረዝማል፣ የእግረኛ መንገድ እንዳይዘጋ። ዛፍ ሥር ጥላው ደስ ይላል፣ ግን ሥሩ ኮንክሪቱን ያነሣዋል፤ 3 ሜትር ራቁ።

ከመቆፈራችሁ በፊት ቀበሌ አስታውቁ። የውሃ መስመርና የስልክ ገመድ የት እንደሚያልፍ ጠይቁ፤ 70 ሳ.ሜ ላይ ልታገኟቸው ትችላላችሁ። ግንቡ፣ የፋሲል መዋኛውና ቁስቋም አካባቢ ግን አትሞክሩት። ከ1979 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በዩኔስኮ መዝገብ የሰፈረ ቅርስ ነው፤ በኖራ የተገነባ ግድግዳ ላይ ቡሎን መምታትም ሆነ ሥሩን መቆፈር ጉዳቱ አይመለስም።

የጥምቀት ነገርስ? ከተራ ዕለት ታቦታቱ በሚያልፉበት መንገድ ሕዝቡ ትከሻ ለትከሻ ነው የሚሄደው። በሰው ፊት ልክ የተዘረጋ ቧንቧ ዓይን ያጠፋል።

ኤሌክትሮድ

ለዚህም ነው በቡሎን ይሁን ያልኩት። ጥር 9 ክንዶቹን ፈትታችሁ አስገቡ፣ ጥር 13 መልሱ። በ19 ቁጥር ሶኬት መፍቻ አሥር ደቂቃ አይፈጅም። ሌላ ሰው እንዳይፈታው በየዳዶው ዙሪያ 3 ሳ.ሜ የምትሆን ቁራጭ ቧንቧ በይዱ፤ ተራ መፍቻ አይገባም፣ ረጅም ሶኬት ብቻ ይደርሳል። ሶኬቱ እድሩ ጋ ወይም ሱቁ ጋ ይቀመጥ። የክንዱ ጫፎች ደግሞ ክፍት አይተዉ፤ በላሜራ ደፍናችሁ ጠርዙን አክቡት።

ፔዳል_ማራኪ

አንድ የሚያሳስበን አለ። መንገድ ዳር ብስክሌት እየጠገኑ የሚያድሩ ልጆች አሉ። እንጀራቸውን እንዳንነካ።

ጎሚስታ_ፒያሳ

ጥሩ አነሣህ። ምሰሶው የሚሠራው የአምስት ደቂቃ ሥራ ነው፦ መንፋት፣ ማጥበቅ፣ ኮርቻ ከፍ ዝቅ ማድረግ። ኩሽኔታ መቀየር፣ የተጣመመ ቸርኬ በራጂ ማቅናት፣ ካቴና መቁረጥ እዚያ አይሠራም፤ መሣሪያውም የለም። ስለዚህ ምሰሶውን ከጠጋኙ አጠገብ ትከሉ። ማስቲሽ፣ ልጣፊ፣ የቫልቮላ ጎማ እሱ ይሽጥ፤ ምሰሶው ላይ አትተዉት፣ ማስቲሽ ፀሐይ ላይ በቀናት ይደርቃል። ሶኬቱንም ዘይቱንም ለእሱ ስጡት፤ ከመዋጮው በየወሩ የተወሰነ ገንዘብ ይከፈለው። በየሳምንቱ ዓይኑ የሚያርፍበት ሰው ከሌለ ካቦው እሾህ ማውጣቱን የሚያየው የለም። መለዋወጫም ቀድማችሁ ግዙ፦ 5 ሜትር ካቦ፣ 12 ክላምፕ፣ ሁለት 10 ቁጥር፣ ሁለት አለን 5፣ አንድ የፓምፕ አፍ።

ሲቪል_አዘዞ

ቀኑን ቁጠሩት። ለክንዱ 14 ቀን፣ ለቀለሙ ሁለት ቀን ያስፈልጋል፤ አንቲረስቱ ሌሊት ሳይደርቅ የላዩ ቀለም ከተደረበበት ይላጣል። ቢጫ ቅቡት፣ ጽሑፉ በጥቁር ይሁን፤ ቀይ በዚህ ፀሐይ ቶሎ ይነጣል። ኮንክሪቱ ከታኅሣሥ 15 በፊት ከተሞላ ክንዱን ጥር መጀመሪያ አስራችሁ ትሞክሩታላችሁ፣ ለከተራ ፈትታችሁ ታስገባላችሁ።

ፔዳል_ማራኪ

ቅዳሜ ጠዋት ጉድጓዱን እንጀምራለን። አፈሩ ጥቁር ሆኖ ከተገኘ ፎቶውን እዚህ እለጥፋለሁ፣ ጋሼ ሲቪል ይዩልን።